አርባ ወንበር፣ አንድ ተፈታኝ

[የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የመጀመሪያ ቀን፣ ጠዋት። ፈተናው ሂሳብ ነው። ምድር ቤት ያለ የመማሪያ ክፍል፤ ወንበሮቹ በሙሉ ባዶ ናቸው። ሁለት ፈታኞች ቆመዋል። አንዱ ዋና ፈታኝ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ሲሆን የፈተናውን መመሪያ በቃሉ ስለሚወጣው ትምህርት ቤቱ በሙሉ «መመሪያ» ይለዋል። ሌላው ረዳቱ ነው፤ የስፖርት መምህር ስለሆነ «ስፖርት» ይሉታል።]

መመሪያ፦ ፊትህን ወደ ተፈታኞቹ አዙር አልኩህ እኮ!

ስፖርት፦ ወደ የትኞቹ?

መመሪያ፦ ወደ ተፈታኞቹ ነዋ! ፈታኝ ለተፈታኝ ጀርባውን አይሰጥም።

ስፖርት፦ አንድም ሰው የለም እኮ።

መመሪያ፦ አለመኖሩን በምን አወቅክ?

ስፖርት፦ ዞሬ አይቼ።

መመሪያ፦ አየህ፣ መዞር ጥቅም አለው። ዙር።

ስፖርት፦ [ይዞራል] ይኸው ዞርኩ። አሁን ምን ልይ?

መመሪያ፦ እንቅስቃሴ።

ስፖርት፦ [ዓይኑን አጥብቦ ለጥቂት ጊዜ ያያል] አንዲት ዝንብ አለች።

መመሪያ፦ ቀልድህን ለሜዳህ አቆየው።

ስፖርት፦ እየቀለድኩ አይደለም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ቆይ ግን፣ ለአንዲት ልጅ ሁለት ፈታኝ ምን ይሠራል? አንተ ብቻህን አትበቃም?

መመሪያ፦ እኔማ ለመቶ እበቃለሁ። ግን ምደባው የሚወጣው በወንበር ነው እንጂ በሰው አይደለም። ለሃያ ወንበር አንድ ፈታኝ፣ ለአርባ ወንበር ሁለት ፈታኝ። እዚህ ክፍል አርባ ወንበር አለ።

ስፖርት፦ ትርፎቹን ብናወጣቸውስ?

መመሪያ፦ ተረክቤያቸዋለሁ! አንዱ ቢጎድል ማን ሊጠየቅ ነው?

ስፖርት፦ እኔ።

መመሪያ፦ እኔ! አንተን ማን ይጠይቅሃል? ከዚህ ሁሉ መምህር መርጠው አንተን ይመድቡብኝ! ኳስ በግንባርህ ስትመታ የኖርክ ሰው!

ስፖርት፦ ልጅቷ ግን ለምን ቀረች?

መመሪያ፦ አልቀረችም። ገና አልመጣችም። ቀረች የሚባለው ደወሉ ተደውሎ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ነው።

ስፖርት፦ እሷ እኮ ቀድማ የምትመጣ ልጅ ናት። እግሯ ተሰብሮ እንኳን አንድ ቀን ከክፍል አልቀረችም።

መመሪያ፦ የሰበርካት አንተ ነህ።

ስፖርት፦ እኔ አልሰበርኳትም! ከፍታ ዝላይ ነበር። ዘንጉን ከፍ አድርግልኝ አለችኝ፤ ከፍ አደረግኩላት።

መመሪያ፦ አላለፈችውም፣ ነዋ።

ስፖርት፦ በደንብ አለፈችው እንጂ! ችግሩ የመጣው አወራረዷ ላይ ነው።

መመሪያ፦ እና ይኸው በክራንች ፎቅ መውጣት ስለማትችል ለእሷ ብቻ ምድር ቤት ክፍል ተከፈተላት። ሌላው ሕዝብ በሙሉ ፎቅ ላይ ነው። መመሪያው ለሰው ያስባል ስልህ አትሰማኝም።

ስፖርት፦ ዛሬ ካመለጣት አንድ ዓመት ሙሉ ቤት መቀመጧ ነው። እናቷ ትናንት መንገድ ላይ አግኝታኝ «አደራህን» አለችኝ።

መመሪያ፦ አደራ የሚል አንቀጽ የለም።

[ደወል ይደወላል።]

መመሪያ፦ ተጀመረ። በሩን ዝጋ።

ስፖርት፦ ትንሽ ገርበብ ይበል።

መመሪያ፦ በር ሁለት ዓይነት ነው፤ የተከፈተና የተዘጋ። ገርበብ ያለ በር የትም አልተጻፈም።

[ስፖርት እየከፋው በሩን ይዘጋል። መመሪያ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

መመሪያ፦ [በዝቅተኛ ድምፅ ያነባል] ውድ ተፈታኞች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ስፖርት፦ ማን እየሰማህ ነው?

መመሪያ፦ በንባብ ጊዜ ማቋረጥ ክልክል ነው። [ያነባል] ጠረጴዛችሁ ላይ ከእርሳስ፣ ከላጲስና ከመቅረጫ በስተቀር ምንም ነገር እንዳይኖር። [ለስፖርት] ሂድ እያቸው።

ስፖርት፦ ምኖቹን?

መመሪያ፦ ጠረጴዛዎቹን!

[ስፖርት በየረድፉ እየዞረ ባዶዎቹን ጠረጴዛዎች ያያል።]

ስፖርት፦ አቧራ ነው ያለው።

መመሪያ፦ አቧራ ይፈቀዳል። [ያነባል] ያልገባችሁ ነገር ካለ እጃችሁን አውጡ።

[ስፖርት እጁን ያወጣል።]

መመሪያ፦ አንተ ፈታኝ ነህ፤ አውርድ። ሌላ ያልገባው አለ? የለም። መልካም።

ስፖርት፦ ጮክ ብለህ ብታነበው እኮ፣ ውጭ ካለች ትሰማህ ነበር።

መመሪያ፦ «ከክፍሉ ውጭ በማይሰማ ድምፅ» ነው የሚለው። ለዚህ ድምፅ ስንት ዓመት እንደተለማመድኩ አታውቅም።

[ከኮሪደሩ፣ ከሩቅ፤ ኳ... ኳ... ኳ።]

ስፖርት፦ ሰማህ?

መመሪያ፦ ሰማሁ።

ስፖርት፦ ክራንች ነው!

መመሪያ፦ የኮሪደር ድምፅ ነው። ፈታኝ የኮሪደር ድምፅ አይተረጉምም።

[ድምፁ ይቀርባል። በበሩ አጠገብ ያልፋል። ይርቃል።]

ስፖርት፦ ኧረ አለፈችን!

መመሪያ፦ እንግዲያው እሷ አይደለችም። እሷ ብትሆን ትገባ ነበር። ይኼ ሎጂክ ይባላል፤ ለአንተ አዲስ ነው።

[ኳኳታው ይመለሳል። አሁንም ያልፋል።]

ስፖርት፦ ይኸው ተመለሰች! ይኸው ደግሞ አለፈች! አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ክፍሉ ጠፍቷት ነው!

መመሪያ፦ እንዴት ይጠፋታል? ትናንት ስድስት ቁጥር ተብሎ ተነግሯታል። ስድስት ቁጥር ደግሞ ይኼ ነው።

ስፖርት፦ ይኼ ስድስት ቁጥር ነው እንዴ?

መመሪያ፦ ስትገባ የት የገባህ መስሎህ ነበር?

ስፖርት፦ እኔ አንተን ተከትዬ ነው የገባሁት። በሩ ላይ ምንም ቁጥር አላየሁም።

መመሪያ፦ አታይማ። ጠዋት ነቅዬዋለሁ።

ስፖርት፦ ምኑን?

መመሪያ፦ ቁጥሩን። «በፈተና ክፍሉ ውስጥም ሆነ በሩ ላይ ማንኛውም የተጻፈ ወይም የታተመ ነገር እንዳይኖር።» ማንኛውም ነው የሚለው! ግድግዳውን ተመልከት። የካርታው ቦታ ባዶ፤ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚለው ቦታ ባዶ፤ የሰዓቱ ቦታ ባዶ።

ስፖርት፦ ሰዓቱ ደግሞ ምን አደረገህ?

መመሪያ፦ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ተጽፎበታል። ፈተናው ሂሳብ ነው።

ስፖርት፦ እዚህ ክፍል ደርሶ እስከ አሥራ ሁለት መቁጠር ያቃተው ልጅ አለ?

መመሪያ፦ አንተ የምታውቃቸው ሲሮጡ ነው። እኔ ወረቀታቸውን አርማለሁ።

ስፖርት፦ እሺ፣ ስድስትስ? በሩ ላይ ያለች አንዲት ስድስት ለየትኛው ጥያቄ መልስ ልትሆን?

መመሪያ፦ ፖስታው ሳይከፈት እንዴት አውቃለሁ? መልሱ ስድስት የሆነ ጥያቄ ቢኖርስ?

ስፖርት፦ [ራሱን ይዞ] ታዲያ ልጅቷ ክፍሏ ይኼ መሆኑን በምን ትወቅ?

መመሪያ፦ ቀላል ነው። ቁጥር የሌለው በር የእሷ ነው።

ስፖርት፦ ሌሎቹ በሮች ቁጥር አላቸው?

መመሪያ፦ ከእነሱም ነቅያለሁ።

ስፖርት፦ ለምን?!

መመሪያ፦ ለጥንቃቄ።

[ኳ... ኳ... ኳ። ከኮሪደሩ ጫፍ።]

ስፖርት፦ ታዲያ በየበሩ ለምን አታንኳኳም ይቺ ልጅ? አንዴ ብታንኳኳ እኮ አለቀ።

መመሪያ፦ ኧረ ልጅቷ እንዳታንኳኳ! ትናንት ሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ የነገርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። ፈተና የተጀመረበትን በር ያንኳኳ ወይም የሌላ ክፍል በር የከፈተ በረብሻ ይባረራል ብያለሁ።

ስፖርት፦ ካንኳኳች ትባረራለች።

መመሪያ፦ አዎ።

ስፖርት፦ ካላንኳኳች ሰዓቱ ያልፍባታል።

መመሪያ፦ ጎሽ! ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ገባህ።

ስፖርት፦ በቃ፣ እኔ ወጥቼ እጠራታለሁ። [ወደ በሩ ይራመዳል]

መመሪያ፦ ቁም! ከደወል በኋላ ፈታኝ በገዛ ፈቃዱ ከወጣ ወይም ወደ ውጭ ከተጣራ የክፍሉ ፈተና ይሰረዛል። የዚህ ክፍል ፈተና ማለት ደግሞ የእሷ ፈተና ነው።

[ስፖርት እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ደርቆ ይቀራል።]

ስፖርት፦ ልጠራት ስወጣ ላሰርዛት ነው?

መመሪያ፦ እግሯን ወስደሃል። ዓመቷን እንኳን ተውላት።

[ስፖርት እጀታውን እንደ ጋለ ብረት ይለቃል።]

ስፖርት፦ ፊሽካዬን መልስልኝ። ከዚሁ ሆኜ አንዴ ልንፋው።

መመሪያ፦ ፊሽካህ ከስልኮቻችን ጋር ቢሮ ተቆልፎበታል። እንዲህ እንደምታስብ ስለማውቅ ነው ጠዋት ፈትሼ የወሰድኩብህ።

ስፖርት፦ ስድስት ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ በበሩ ሥር ላሹልካት።

መመሪያ፦ ከፈተና ክፍል የተጻፈ ወረቀት በበር ሥር! በሂሳብ ፈተና ቀን፣ ላዩ ላይ ቁጥር ተጽፎበት! አንተ ሰው፣ ሁለታችንንም ልታሳስር ነው?

ስፖርት፦ የፈተና ጣቢያውን ኃላፊ እንጥራ።

መመሪያ፦ ኃላፊው ፎቅ ላይ ነው። እሱን ለመጥራት መውጣት ያስፈልጋል።

ስፖርት፦ እንውጣ።

መመሪያ፦ ለመውጣት የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ስፖርት፦ እንጠይቀው።

መመሪያ፦ ፎቅ ላይ ነው አልኩህ።

[ስፖርት ክፍሉን ሁለቴ ይዞራል። ይቆማል።]

ስፖርት፦ ብስልስ?

መመሪያ፦ ምን ብታደርግ?

ስፖርት፦ ሳል። ፈታኝ መሳል ተከልክሏል?

መመሪያ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ አንቀጾቹን በሐሳቡ ይገልጣል] ሳል... ሳል... አልተጠቀሰም።

[ስፖርት ሳንባው እስኪወጣ ይስላል። ኳኳታው ይቆማል።]

ስፖርት፦ ቆመች! ሰምታኛለች! [እንደገና ይስላል]

መመሪያ፦ በቃህ! ከዚህ በላይ ምልክት ነው የሚሆነው።

ስፖርት፦ የምን ምልክት?

መመሪያ፦ አንድ ሳል ሀ፣ ሁለት ሳል ለ፣ ሦስት ሳል ሐ። በዚህ ዘዴ ስንቱን ይዣለሁ መሰለህ! ጉንፋን ያለበት ልጅ እስካሁን ሲያየኝ ትንፋሹን ይውጣል።

[ኳ ኳ ኳ ኳ። ድምፁ ፈጠን ፈጠን እያለ ይርቃል።]

ስፖርት፦ ኧረ ሸሸች!

መመሪያ፦ ትሽሻ። ሳል ስትሰማ ሰዎች እየተፈተኑ ነው ብላ፣ እንዳትረብሽ ራቀች። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ስፖርት፦ ስንት ደቂቃ ቀራት?

መመሪያ፦ [የእጅ ሰዓቱን ያያል] አሥር አይሞላም።

ስፖርት፦ የአንተ ሰዓት ቁጥር የለውም?

መመሪያ፦ ሰረዝ ብቻ ነው። አስቤ ነው የገዛሁት። [ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞሮ፣ በዝቅተኛ ድምፅ] ተፈታኞች፣ ሃያ ደቂቃ አልፏል።

[ስፖርት ግድግዳው ሥር ቁጭ ሊል ሲል መመሪያ ያፈጥጥበታል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል።]

ስፖርት፦ አንተ ልጅ የለህም?

መመሪያ፦ አለኝ። ፎቅ ላይ እየተፈተነች ነው። እኔም ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ይቺም ብትገባ ደስ ይለኛል። ግን በመመሪያው ትግባ።

ስፖርት፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈተናው ሳያልቅ ከዚህ ክፍል መውጣት የሚችል ሰው ጨርሶ የለም?

መመሪያ፦ የለም።

ስፖርት፦ ጨርሶ?

መመሪያ፦ ከተባረረ ሰው በቀር።

ስፖርት፦ [ቀና ይላል] የተባረረ ሰው ሲወጣ የክፍሉ ፈተና ይሰረዛል?

መመሪያ፦ ለምን ይሰረዛል? ክፍሉ ምን አጠፋ? አጥፊው ይወጣል፣ ፈተናው ይቀጥላል።

ስፖርት፦ ለማባረር የኃላፊው ፈቃድ አያስፈልግም?

መመሪያ፦ ዋና ፈታኝ የሚያባርረው በራሱ ሥልጣን ነው። በዚህ እጄ ያባረርኩት ተማሪ ቢሰበሰብ አንድ ትምህርት ቤት ያስከፍታል።

ስፖርት፦ ሲኮርጅ አይተህ ያለፍከው አንድም የለም?

መመሪያ፦ ማለፍ ብፈልግ እንኳን አልችልም። እኔ ኩረጃ ሳይ አላስብም። አፌ ቀድሞኝ ይናገራል፣ እጄ ቀድሞኝ ይነሳል። በሽታ ነው ትለኛለች ባለቤቴ።

[ስፖርት ወደ መካከለኛው ረድፍ ሄዶ አንድ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።]

መመሪያ፦ ምን እያደረግክ ነው? ፈታኝ አይቀመጥም!

[ስፖርት ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያቀረቅራል። እንደሚጽፍ ሰው እጁን ያንቀሳቅሳል።]

መመሪያ፦ ተነስ እንጂ! ስማ፣ የማናግረው አንተን ነው!

[ስፖርት አንገቱን ቀስ አድርጎ በቀኙ ወዳለው ባዶ ጠረጴዛ ያሰግጋል።]

መመሪያ፦ [ድምፁ በድንገት ይለወጣል] አንገት!

[ስፖርት አንገቱን ይመልሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያሰግጋል።]

መመሪያ፦ አንተ! መካከለኛው ረድፍ! የራስህን ወረቀት እይ!

ስፖርት፦ እያየሁ ነው፣ መምህር።

መመሪያ፦ አንድ ብያለሁ!

ስፖርት፦ [ለባዶው ወንበር፣ በሹክሹክታ] እስስ... አንተ... ሦስተኛዋ ሀ ናት?

መመሪያ፦ ሰምቼሃለሁ! ሁለት!

ስፖርት፦ [ለባዶው ወንበር] ክንድህን ትንሽ አንሳልኝ። እ... እንደሱ። ውለታህን አልረሳም።

[እያየ፣ እያጎነበሰ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ይገለብጣል። መመሪያ ሁለት ረድፍ በአንድ እርምጃ አልፎ ይደርስበታል።]

መመሪያ፦ ሦስት! እርሳስ አስቀምጥ! ተነስ!

ስፖርት፦ መምህር፣ በፈጠረዎት! ሁለተኛ አልደግምም!

መመሪያ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ የለም!

ስፖርት፦ እናቴ ከሰማች ትሞታለች!

መመሪያ፦ ከመኮረጅህ በፊት አታስባትም ነበር? ሁሉም እናት አለው! ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!

[ስፖርትን በክንዱ ይዞ እየገፋ፣ በሩን በገዛ እጁ ከፍቶ ያስወጣዋል። በሩን ይዘጋል። እጆቹን ያራግፋል። ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ይዞራል።]

መመሪያ፦ ሌላ የሚፈልግ አለ?

መመሪያ፦ [ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር ቃኝቶ] ቀጥሉ።

[ከኮሪደሩ የስፖርት ድምፅ፦ «ነይ! ነይ ልጄ! በዚህ በኩል! ቀስ በይ፣ ሌላኛውን እንዳትሰብሪው!» ኳ ኳ ኳ ኳ ኳ። የመመሪያ እጆች በአየር ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። በሩ ይከፈታል። በክራንች የቆመች፣ ላብ ያጠመቃት ልጅ። ስፖርት ከኋላዋ፣ ከደፉ ወዲያ።]

መመሪያ፦ [ለስፖርት] አንተ እንዳትገባ! የተባረረ ሰው ወደ ክፍል...

ስፖርት፦ ማን ሊገባ? የምትገባው እሷ ናት። ሰዓትህን እያት።

[መመሪያ ሰዓቱን ያያል። ሰረዞቹን ይቆጥራል። ደግሞ ይቆጥራል።]

መመሪያ፦ ሁለት ደቂቃ ይቀራታል። [ለልጅቷ] ግቢ።

ስፖርት፦ እኔ ለስንት ጊዜ ነው የተባረርኩት?

መመሪያ፦ ፈተናው እስኪያልቅ! የቀረውን ቀን በሙሉ የትኛውም ክፍል ድርሽ እንዳትል!

ስፖርት፦ ተመስገን! [ለልጅቷ] በርቺ።

[ስፖርት እያፏጨ ይሄዳል።]

መመሪያ፦ ኮሪደር ላይ አይፏጭም!

[ፉጨቱ ይርቃል እንጂ አይቆምም። ልጅቷ ትቀመጣለች፤ ክራንቾቿን ጠረጴዛው ላይ ታስደግፋለች። መመሪያ የታሸገውን ፖስታ አንስቶ ያሳያታል።]

መመሪያ፦ እሽጉ አለመነካቱን አየሽ?

ልጅቷ፦ አየሁ፣ መምህር።

[ፖስታውን ከፍቶ ወረቀቱን ፊቷ ያስቀምጣል።]

መመሪያ፦ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። ሌላ ነገር እንዳላይ። ከመጀመርሽ በፊት ያልገባሽ ነገር ካለ እጅሽን አውጪ።

[ልጅቷ እጇን ታወጣለች።]

መመሪያ፦ ስለ ፈተናው ከሆነ ብቻ።

ልጅቷ፦ ስለ ፈተናው ነው። የስፖርት መምህራችን ለምን ተባረሩ?

መመሪያ፦ ሲኮርጅ ይዤው ነዋ።

[ልጅቷ ዞር ብላ ክፍሉን ታያለች። ወደ መመሪያ ትመለሳለች።]

ልጅቷ፦ ከማን?

[መመሪያ ወንበሮቹን ከፊት እስከ መጨረሻው ረድፍ አንድ በአንድ ያያቸዋል።]

መመሪያ፦ ጊዜሽ እየሄደ ነው። ጻፊ።